አራት አዳራሽ፣ አንድ አስነሺ

«ሲኒማ ቤቱን የዘጋው አንድ ሰው ነው።»

ይህን የሚለው ሱፍ ሻጩ ጓንጉል ነው። ጠዋት እንቅቡን መሬት ሲያስነካ ይላታል፤ ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ግድግዳ ሲዞር ይላታል፤ ሱፍ ሲሰፍርም ጣሳውን አየር ላይ አንጠልጥሎ ይላታል። «ማነው እሱ?» ሲሉት አፉን ይለጉማል። እኔ በዚያ ካለፍኩ ደግሞ አፉን ለጉሞ እግሬን ያያል።

ማንን ማለቱ እንደሆነ ስለማውቅ ሁለት ጊዜ እንቅቡን ደፍቼበታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ለቀመ እንጂ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ይበልጥ ያነደደኝ ይሄ ነው። ቢሳደብ ኖሮ መልስ አላጣለትም ነበር፤ በመልስ እንኳን ጓንጉል ሸንጎውም አይችለኝ።

የሚለው አባቴን ነው።

ይህን ጽሑፍ ለሸንጎው የማቀርበውም በዚሁ የተነሳ ነው። በከተማችን የተዘጋ ነገር ሁሉ በሩ ላይ የዘጊው ስም ይቀረጻል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ድንጋዩን የሰነጠቀው ሰውዬ ስም አለ። የውኃ ጉድጓዱ ክዳን ላይ ወድቃ የሞተችበት አህያ ስም አለ፤ ዳለቻ ትባል ነበር፤ ውርንጭሎቿ ዛሬም አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሄዱት። የሲኒማ ቤቱ በር ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ባዶውን ቆይቷል። አሁን ከበዓሉ በኋላ ስም ሊቀረጽበት ነው፤ ጠራቢው መሮውን ስሎ ጨርሷል። የታሰበው ስም የአባቴ ነው። «ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ» የሚለውን ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ሙጫው ሳይደርቅ አንብቤው ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ማስታወቂያ መለጠፍ ሥራዬ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት የምለጥፈውን ወረቀት እያየሁ ነው፤ መጀመሪያ ገልብጬ እየለጠፍኩ ሰው ሲስቅብኝ፣ ቀጥሎ አቃንቼ፣ በመጨረሻም የጸሐፊውን ግድፈት በከሰል እያረምኩ። በዚህች ከተማ ግድግዳ ላይ ወጥቶ እኔ ሳላነበው የቀረ ወረቀት የለም። ይህን ስል መኩራቴ ነው፤ ይታወቅልኝ።

ሸንጎው አስነሺ ምን እንደሆነ ያውቃል። ግን ጽሑፍ ከጻፈውም ከተጻፈለትም ሰው በላይ ዕድሜ አለው ይባላልና ኋላ ለሚመጣው አንባቢ ልንገረው።

በእኛ ከተማ ከተቀመጡ ሰዎች መሐል ቀድሞ መነሳት ነውር ነው። ቀድሞ የተነሳ ሰው «በቅቶኛል» ማለቱ ነው፤ በቅቶኛል ማለት ደግሞ አጠገቡ ያለውን «አስጠላኸኝ» ማለት ነው። በአያቶቻችን ዘመን አንድ ሠርግ የሚነሳ ጠፍቶ ሲቀጥል ሲቀጥል፣ ከሙሽሮቹ ልጅ የክርስትና ድግስ ጋር ተገናኘ ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው አስነሺ የተሾመው። ሥራው አንድ ነው፦ ነገሩ ሲያልቅ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል። እሱ ሲነሳ ሁሉም ይነሳል፤ ማንም ማንንም ሳያስቀይም ወደ ቤቱ ይገባል።

አስነሺ ሳይሆን ቀድሞ የተነሳ ሰው ወንበር ይነሳበታል። ከዚያ ወዲያ በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በሰው ቤትም ተቀመጥ የሚለው የለም። አዋላጇ እትዬ አልጋነሽ አንድ ጊዜ ከተስካር መሐል ምጥ ተብላ ተጠርታ ብድግ አለች። ልጁ በደህና ተወለደ፤ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። እሷ ግን ይኸው ሃያ ዓመቷ፣ በሄደችበት ሁሉ ቆማ ነው። ያዋለደችው ጎረምሳ እንኳ ወንበሩን አይለቅላትም።

ሌላም ደንብ አለን። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለውን ሌላው አገር ተረት ብሎ ይተርተዋል፤ እኛ ሕግ አደረግነው። የአንድን ሰው ሹመት ለዚያው ሰው የሚነግረው ሹመቱን የሚለቅለት ሰው ብቻ ነው፤ ከጎኑ አስቀምጦ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ በገዛ አፉ። ሌላ ሰው ከነገረው ሹመቱ ረከሰ፣ የነጋሪውም ምላስ ረከሰ ይባላል። አንዴ የደወል ጠባቂው ሹመቱን ለእህቱ ልጅ አስተላልፎ ሳይነግረው መንገድ ሄደና በዚያው ቀረ። ከተማው ያለ ደወል ሁለት ዓመት ኖረ። የእህቱን ልጅ በየቀኑ እጅ እየነሱት ያልፋሉ፤ እሱ ደግሞ ሰው አክባሪ ሆኗል እያለ ይገረማል። ይህን ታሪክ ስሰማ በሁለቱም እስቃለሁ፤ በከተማውም በደንቆሮውም ተሿሚ።

ወደ ሲኒማ ቤቱ ልመለስ። ከወንዝ ማዶ ያለችው ከተማ ባለ ሁለት አዳራሽ ሲኒማ ሠራች የተባለ ጊዜ ሸንጎው «እኛስ ከማን እናንሳለን?» አለና ባለ አራት አሠራ። አንዱን ለመሙላት እንኳ ከገጠር ዘመድ መጥራት የሚያሻት ከተማ አራት አዳራሽ ኖራት። የመቀመጫ ሹሙ አቶ ደስይበለው አዳራሾቹን አከፋፈሉ። አንደኛው ቤት ላለው፣ ሁለተኛው ለተከራይ፣ ሦስተኛው ተጠግቶ ለሚኖር፣ አራተኛው ከአማቱ ጋር መተያየት ለማይፈልግ። አራተኛው ሁልጊዜ ሙሉ ነበር።

አዳራሹ አራት ይሁን እንጂ በሳምንት የሚመጣው ፊልም አንድ ነው። የመጀመሪያው ጥቅል በአንደኛው አዳራሽ ሲያልቅ የማሽን ቤቱ ሠራተኛ ተሸክሞ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፤ ከዚያ ወደ አማት ሸሺዎቹ። ሕጉም ግልጽ ነበር፦ አስነሺ ካልተነሳ መብራት አይበራም፤ መብራት ካልበራ ፊልም አይቆምም።

አስነሺውም አንድ ነበር፤ አባቴ። ከተማው ጋሽ ቢረሳው ይለዋል።

አባቴ በአንደኛው አዳራሽ መጨረሻው ሲቃረብ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሲያልቅ ይነሳል፤ ሕዝቡ ይነሳል። ወጥቶ ሁለተኛው ገብቶ ይቀመጣል፤ ይነሳል። እንዲህ አራት ጊዜ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የፊልም መጨረሻ ሲያይ ኖረ፤ የአንዱንም መጀመሪያ አላየም። እኔ ደግሞ ያልተቀመጠን ሰው ደንቡ ስለማይነካው በር ላይ ቆሜ መጀመሪያውን አይና ሙጫዬን ይዤ እወጣለሁ። ራት ላይ እኔ መጀመሪያውን አወራዋለሁ፤ እሱ መጨረሻውን ያወራኛል። መሐሉን ሁለታችንም አናውቀውም፤ እየተከራከርን እንገምታለን።

«አይ፣ በመሐል ታርቀው መሆን አለበት» ይለኛል።

«ምን አስታረቃቸው? አንተ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚታረቅ ይመስልሃል።»

«ካልታረቁማ መጨረሻ ላይ ለምን ያለቅስለታል?»

ክርክሩን የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ በዚያ ቤት የተሸነፍኩበትን ቀን አላስታውስም።

እየቆየ ጉልበቱ ከዳው። መጀመሪያ በአንድ እጁ፣ ቀጥሎ በሁለት እጁ ወንበሩን ተመርኩዞ መነሳት ጀመረ። በአራተኛው አዳራሽ ያሉት «ዛሬ አስነሺው ዘገየ» ማለት አመጡ። አቶ ደስይበለው ሰዓታቸውን አውጥተው ከቂጡ መላቀቅ እስከ ወገቡ መቃናት ድረስ ይለኩለት ነበር። አባቴ ምንም አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ጉልበቱን በቅቤ አሸሁለት እንጂ።

አንድ ቀን ጠዋት ጺሙን እየተላጨ፣ «ትርንጎ፣ ዛሬ ሙጫሽን አስቀምጪው። ከእኔ ጋር ገብተሽ ትቀመጫለሽ» አለኝ።

«እኔ? ለምኑ?»

«መጀመሪያውን ማየት አምሮኛል። ብቻዬን አላየውም።»

«መጀመሪያውንማ እነግርህ የለም እንዴ! እኔ ከተቀመጥኩ እስክትነሳ መታሰሬ ነው።»

«ታሰሪያ። አንድ ቀን ብትታሰሪ አትሞቺም።» ምላጩን ጠረገና በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «መጨረሻው ላይ ደግሞ የምነግርሽ አለኝ።»

ባል ሊሰጠኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያሰብኩት የአቶ ደስይበለውን የወንድም ልጅ ነው፤ በአፉ የሚተነፍሰውን። መልሴን እዚያው አሰናዳሁ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ነበር፣ አንዱ ከአንዱ የሚያቃጥል። እስከ ዛሬ አለኝ።

የእናቴን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። በሸራው ጎን ባለችው ትንሽ በር አስገባኝና ከፊተኛው ረድፍ አደረሰኝ። ከአባቴ አሮጌ ወንበር በስተቀኝ ቫርኒሹ ገና የሚሸት አዲስ ወንበር ተጨምሯል። እዚያ ላይ አስቀመጠኝ። ስቀመጥ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት እልልታ ጀምራ በእጇ አፈነችው። አቶ ደስይበለው ከረድፉ ጫፍ ሆነው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። እጅ የነሱት ለአባቴ፣ ጸጥታው ለቀሚሴ መሰለኝ፤ ቀሚሱም ያምርብኝ ነበር።

በትክክል ከጀርባዬ የተቀመጠው ጓንጉል ነው። አንዲት ክፍል ብትሆንም ቤቷ የራሱ ናትና አንደኛው አዳራሽ ይገባዋል።

ፊልሙ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ የመጣ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ሰውዬ ወንድሞቹን ከወንዝ ማዶ ትቶ ድልድዩን ያቃጥላል። አባቴ ይህን ሰውዬ ራት ላይ ስንት ጊዜ ረግሞታል! ያን ቀን ግን መጀመሪያው ሲታይ ሰውየው ገና ልጅ ነው፤ ወንድሞቹ በዝናብ ከቤት አውጥተው በሩን ዘጉበት። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ለካ ቀድመው የበደሉት እነሱ ናቸው» አለኝ። «እኔ እኮ ስረግመው የኖርኩት በከንቱ ነው።»

«ነግሬህ ነበር፤ አላመንክም እንጂ።»

«ሲያዩት ይለያል» አለ።

ጥቂት ቆይቶ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ አረፈ። የተኛ መሰለኝ። መሐሉን ብቻዬን አየሁት። አልታረቁም።

ድልድዩ ተቃጠለ፤ አለቀ። አባቴ አልተነሳም።

«አባባ። አባባ፣ አልቋል።»

እጁ ሙቅ ነው። ይተነፍሳል፤ ግን ትንፋሹ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚጎተት ገመድ ነው። ባለሁበት ዞሬ ጮህኩ።

«ሐኪም ጥሩልኝ! አባቴ ታሟል!»

«ማን ሄዶ ይጥራ?» አለ አንዱ በጨለማው ውስጥ።

«የቤት ባለቤት የሆነ ይነሳ።»

«እዚህ ያለው ሁሉ የቤት ባለቤት ነው፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያው በዕድሜ ይሁን። አባ ጥጋቡ አሉ አይደል?»

አባ ጥጋቡ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። «እኔን ነው?» አሉ ከወደ መሐል። «እኔ ምን ሹመት አለኝ? ባለ ሹመት እያለ ሽበት ምን ቤት ነው?»

«ባለ ሹመቱማ ይኸው ራሱን ስቷል!» አልኩ።

አንዱ ሳለ። ከዚያ የቅድሟ ባለ እልልታ ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ አንቺ እያለሽ እኛን ምን ትጠይቂናለሽ?» አለች።

«እኔ ታናሽ ነኝ! ይሄ ሁሉ ጺም ተጎልቶ እኔ ልነሳ? ወንበር ይነሳባትና እንደ እትዬ አልጋነሽ በየለቅሶው ተገትራ ትቅር ነው?»

እንደ ትንፋሽ ያለ ነገር ከኋላ ተሰማኝ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ የተነፈሱ ይመስል።

ወደ ሹሙ ዞርኩ። «አቶ ደስይበለው፣ እርስዎ እንኳ አንድ ነገር ይበሉ እንጂ!»

አፋቸውን ከፈቱና መልሰው በመዳፋቸው ያዙት። በሸራው ብርሃን ዐይናቸው ሲያብለጨልጭ አየሁ። «ደንቡ አፌን ይዞታል፣ እሜቴ» አሉኝ።

እሜቴ! ማስታወቂያ ለጣፊዋን፣ ያውም በዚያች ሰዓት! እንዳሾፉብኝ ቆጠርኩና ለሸንጎ የማይጻፍ ስድብ ሰደብኳቸው። ጎንበስ ብለው ተቀበሉት።

ከዚያ ፊልሙ እንደገና ተጀመረ።

እዚያ ውስጥ ቀንና ሌሊት አይለይም። ጊዜ የቆጠርኩት በድልድዩ ነው፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተቃጠለ። በሌሎቹ ሦስት አዳራሾችም ሕዝቡ አስነሺው ይመጣል ብሎ ተቀምጧል፤ ጥቅሎቹም ይዞራሉ። የማሽን ቤቱ ሠራተኛ የቆመ ሰው ነውና መውጣት ይችል ነበር፤ ጥቅል ካልቀየረ ግን ፊልሙ ይቆማል፣ ፊልም ማቆም ደግሞ የሱ ሥልጣን አይደለም። ጓንጉል እንቅቡን አዙሮ ለሁሉም አደለ። የአባቴን ከንፈር በነጠላዬ ጫፍ እያራስኩ፣ ራሱን ደግፌ ተቀመጥኩ። ጀርባዬን አቃንቼ ነበር የተቀመጥኩት። የቢረሳው ልጅ አቅቷት ተነሳች፣ ደንብ ሰበረች እንዲሉኝ አልፈለግኩም። ዞር ባልኩ ቁጥር ሁሉም እኔን ያያሉ፤ ስታለቅስ እንያት ብለው ነው አልኩና ጭራሽ አላለቀስኩም።

በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል ጓንጉል ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ትርንጎ» አለኝ። «የወንበርሽ ጀርባ . . .»

«ጓንጉል!» አሉት ዐሥር ድምፆች በአንድነት።

«አይ፣ ጀርባው ያምራል ልላት ነው» አለ።

«የእኔን ጀርባ ተወውና ሱፍህን ቆርጥም!» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አልጋነሽ መጣች። ወንበር የተነሳበት ሰው ወደ ሲኒማው አዳራሽ አይገባም፤ እሷ ግን ምጥ የያዛት ሴት ባሏ ጠፍቶባት ፍለጋ ነው የመጣችው። ኮቴዋን እያሰማች በመተላለፊያው ወረደችና አባቴን አየችው። ደረቱ ላይ ጆሮዋን ደፋች። አንገቱን ዳሰሰች።

«መቼ ነው የወደቀው?»

«ከትናንት ወዲያ» አልኳት።

«ምን ሆናችሁ ሳትጠሩኝ?» ብላ ዐይኑን ከደነችለት። «ገላው አልቀዘቀዘም። ይሄ ሰው የሞተው ዛሬ ጠዋት ነው።» ከዚያ ወደ ረድፎቹ ቀና አለች። «እንዲህ ተደርድራችሁ እያያችሁ ነው ሰው የሚሞተው?»

ፊደል የማታውቅ፣ የከተማው ወሬ የማይነገራት ሴት ናት። በዚያ ቤት ውስጥ እውነት የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች። ባልየውን ግን ማስነሳት አልቻለችም፤ ብቻዋን ተመልሳ ልጁን አዋለደች።

አስነሺው መሞቱ ታወቀ። አሁንም የተነሳ የለም። በመጨረሻ አቶ ደስይበለው ከተቀመጡበት ትእዛዝ ሰጡ፦ «ሰው ካልተነሳ ወንበር ይነሳ።»

እትዬ አልጋነሽ ስትመለስ ለገበያው ነግራ ኖሮ አናጢና ተሸካሚ መጣ። ወንበሮቹን ከወለሉ ፈተው ከነሰዎቹ ለአራት ለአራት እየሆኑ ተሸከሟቸው። የዚያን ቀን ገበያ የወጣ ሰው ያየውን እስከ ዛሬ ያወራል፤ ከተማው ሁሉ ከነወንበሩ ከፍ ብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በዝምታ ወደየቤቱ ሲሄድ። ከአራተኛው አዳራሽ የወጡት ከአማቶቻቸው ጋር በአየር ላይ ተገናኙ፤ መሸሻ የለም፤ ሰላም ተባባሉ። አባቴም በወንበሩ ሄደ። እኔን ቤቴ አግብተው፣ «ጀርባው ወዴት ይሁን?» አሉኝ ተሸካሚዎቹ።

«ወደ ግድግዳው» አልኳቸው።

ተያዩ። አደረጉት።

ወንበር የሌለው ሲኒማ አይከፈትም። ወንበሩን መልሱ ተብሎ ማስታወቂያ ወጣ፤ እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ቀድሞ የመለሰ ሰው ግን የቀደመ ይባላልና የመለሰ የለም። አንደኛው አዳራሽ የእህል መጋዘን ሆነ። ሁለተኛው ፍየል ገባበት። ሦስተኛው ጣሪያው ያፈሳል። አራተኛው ውስጥ አሁንም አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ ሲኒማ ለማየት ሳይሆን እንዳይታዩ።

እንግዲህ ሸንጎው ይፍረድ። አባቴ መነሳት አልቻለም፤ አልነሳም አላለም። የቆመች አንዲት ሴት እስክትመጣ ድረስ በሕይወት ነበር። በሩ ላይ ስም መቀረጽ ካለበት መነሳት እየቻለ ያልተነሳው ይቀረጽ። ያም ከተማው ሁሉ ነው። እኔ ትርንጎ ቢረሳው ይህን ማንም ሳያግዘኝ ጻፍኩ፤ ጓንጉል ደግሞ ምላሱን ይሰብስብ።

*

እስከዚህ ያለው ለሸንጎው የቀረበው ነው። የቀረውን የጨመርኩት በኋላ ነው።

ጽሑፉን ያነበብኩት ራሴ ነኝ፣ ቆሜ። «መነሳት እየቻለ ያልተነሳው» የሚለው ጋ ስደርስ የሸንጎው ራስ ሁሉ አጎነበሰ። አንዱ እንኳ ይከራከረኛል ብዬ ምላሴን ስዬ ነበር የሄድኩት፤ ተከራካሪ ጠፋ። ጓንጉል አንድ ጊዜ እጁን አወጣ። ሁሉም ዞረው አዩት፤ አወረደው። አባ ጥጋቡ፣ አሁን መቶ ሊሞላቸው የቀረበው፣ «ልጅቱ ያለችው ይቀረጽ። እንሸከመዋለን» አሉ። ሁሉም ፈረሙ፤ አቶ ደስይበለው ከሁሉ በፊት። ጠራቢው በአራት ቀን ጨረሰ። አሁን በሲኒማ ቤቱ በር ላይ በትልልቅ ፊደል «ከተማው ሁሉ» ይላል።

ደጅ ላይ ጓንጉል አገኘኝ። እግሬን አላየም፤ ፊቴን አየኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ትርንጎ» አለኝ።

«ቆይተህ ነው የገባህ» አልኩት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያችን ወሬውን ትቷታል።

ድሉን ለማክበር ቤቴን ኖራ ልቀባ ተነሳሁ። ግድግዳውን ለማግኘት ወንበሩን መሳብ ነበረብኝ፤ ሰባት ዓመት የተቀመጥኩበትን፣ ይህንንም ሁሉ የጻፍኩበትን። ከባድ ነው። ጎተትኩት፤ ዞረ።

ጀርባው ላይ፣ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ዐይን ልክ በሚሆንበት ቁመት፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ናስ ተመትቶበታል። አቧራውን በእጄ ጠረግኩት። እንዲህ ይላል፦

«የከተማው አስነሺ የእሜቴ ትርንጎ ቢረሳው መቀመጫ። ጉልበቱ ስለደከመ በአባቷ ልመና የተሾመች።»

ከሥሩ የሹመቱ ቀን አለ። ፊልሙን ልናይ ከገባንበት ቀን በአርባ ቀን ይቀድማል።